ከሐውልቱ በፊት አናናሱን ፈልጉ፦ የአንድን የድሮ ነጋዴ ሕይወት ከመዝገብ ለመከታተል

ሲንጋፖር በኖርኩባቸው አራት ዓመታት ሥራ የምሄደው በባቡር ነበር። ቡኪት ቲማ መንገድ ላይ ታን ካህ ኪ የሚባል ጣቢያ አለ። በየቀኑ ጠዋት ስሙ ሲጠራ እሰማለሁ። የሰው ስም መሆኑን ያወቅኩት ግን ከስድስት ወር በኋላ ነው። የሥራ ባልደረባዬን ጠየቅኩት። "ትምህርት ቤት ያሠራ የጎማ ነጋዴ ነው" አለኝ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ነገሩ ከነከነኝና ማንበብ ጀመርኩ። አንድ ቅዳሜ የጓደኞቼን ልጆች ሰብስቤ ታሪኩን ነገርኳቸው። በ16 ዓመቱ ከቻይና መጣ፣ ሀብታም ሆነ፣ ዩኒቨርሲቲ ከፈተ፣ ሐውልት ቆመለት አልኳቸው። የ12 ዓመት ልጅ እጁን አወጣ።

"ጋሼ፣ ገንዘቡን ከየት አመጣው?"

"ከጎማ።"

"ጎማውን የተከለበትንስ?"

መልስ አልነበረኝም። "እመለስበታለሁ" አልኩት። ለመመለስ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

ይህ ጽሑፍ በእነዚያ ሁለት ዓመታት የተማርኩት ነው። ምሳሌዬ ታን ካህ ኪ ይሁን እንጂ መንገዱ በቅኝ ግዛት ዘመን ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ተሰደው ባለ እርሻና የማኅበረሰብ መሪ ለሆኑ ሌሎች ቻይናውያንም ይሠራል። የሲንጋፖሩ የጋምቢር (ለቆዳ ማልፊያ የሚሆን ተክል) እና የቁንዶ በርበሬ ባለ እርሻ ሲያ ዩ ቺን አለ። ሱማትራ ደሴት ላይ ያለችው የሜዳን ከተማ ሰው ጆንግ አ ፊ አለ። የሳባችሁን ምረጡ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሙን ሳታጣሩ አትነሱ

ታን ካህ ኪ በሆክየን፣ ማለትም ከደቡብ ፉጂያን የመጡ ቻይናውያን በሚናገሩት ቋንቋ ነው። በማንዳሪን ቼን ጂያገንግ ይባላል። ሲጻፍ አንድ ነው፣ ሲነበብ ግን ሁለት የተለያየ ሰው ይመስላል። ሲንጋፖር የታተመ ነገር ስታነቡ የመጀመሪያውን፣ ቻይና የታተመ ስታነቡ ሁለተኛውን ታገኛላችሁ።

የቤተሰብ ስሙ ፊት ላይ ያለው ነው፤ ታን። እኔ ይህን ባለማስተዋሌ ሁለት ሳምንት አጠፋሁ። ማላካ ውስጥ በ1896 ጎማ በእርሻ ደረጃ ከተከሉት ቀዳሚዎች አንዱ ታን ቻይ ያን ነበር። "ታን" እና "ታን" ሳይ ወንድማማቾች አድርጌ መዘገብኳቸው። ዝምድና የላቸውም። ታን ቻይ ያን የታዋቂው የሲንጋፖር ነጋዴና በጎ አድራጊ የታን ቶክ ሴንግ የልጅ ልጅ ነው፤ ቤተሰቡ እዚያው አገር የከረመ ነበር። የእኛ ሰው ደግሞ በ1874 ፉጂያን ክፍለ ሀገር፣ ጂሜይ በምትባል የባሕር ዳር መንደር ተወልዶ በ1890 አባቱ ሩዝ ወደሚነግድበት ሲንጋፖር መጣ። ሁለቱ ሰዎች በኋላ ይገናኛሉ፤ የሚያገናኛቸው ግን ንግድ ነው።

ስለዚህ ከማስታወሻ ደብተራችሁ አንድ ገጽ ለስም ብቻ ስጡ። የሰውየውን ስም በሁለቱም አነባበብ፣ የአባቱን፣ የድርጅቱን፣ የእርሻውን፣ የፋብሪካውን ስም ጻፉበት። የድርጅት ስም ብዙ ጊዜ ከሰው ስም ይበልጥ ያስገኛል። ታን ካህ ኪን ስፈልግ ንግግርና ግብዣ ይመጣልኛል። ድርጅቱን ኪያም አይክን ስፈልግ ሥራው ይመጣልኛል።

ዕድሜም ላይ ተጠንቀቁ። በጥንቱ የቻይና አቆጣጠር ሕፃን ሲወለድ አንድ ዓመቱ ነው። አንዱ ጽሑፍ በ16፣ ሌላው በ17 ዓመቱ መጣ ቢላችሁ ስህተት ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። ዕድሜውን ትታችሁ ዓመተ ምሕረቱን ያዙ።

ጋዜጣውን ከማስታወቂያው ጀምራችሁ አንብቡ

የሲንጋፖር ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የድሮ ጋዜጦችን ኢንተርኔት ላይ አስቀምጧል። ኒውስፔፐር ኤስጂ ይባላል። ብዙውን ነገር ቤት ተቀምጦ ማንበብ ይቻላል። ስትሬትስ ታይምስ አለ፣ ማላያ ትሪቢዩን አለ። ቻይንኛ ለሚችል ደግሞ ታን ካህ ኪ ራሱ በ1923 ያቋቋመው ናንያንግ ሲያንግ ፓው አለ።

ስሙን በላቲን ፊደል ጻፉ። ከዚያ ዓመቱን በአምስት በአምስት እየከፈላችሁ ፈልጉ። ሁሉን ባንድ ጊዜ ከጠየቃችሁ ከሞተ በኋላ የተጻፈው ውዳሴ ፊት ይመጣና የሰውየውን ወጣትነት ይጋርድባችኋል። ፊደልም አሳስቱ። ኮምፒውተሩ የደበዘዘ ሕትመት ሲያነብ ስለሚሳሳት፣ አንድ ፊደል ለውጣችሁ ስትፈልጉ ያመለጣችሁ ነገር ብቅ ይላል።

ሰው ሁሉ ወደ ዜናው ይሮጣል። እኔ ማስታወቂያውን እመርጣለሁ። ዜና ሰውየው ምን እንደተናገረ ይነግራችኋል። ማስታወቂያ ምን እንደሸጠ፣ የት እንደሸጠ፣ መቼ ገንዘብ እንዳጠረው ያሳያችኋል። የታን ካህ ኪ የጎማ ጫማ ምልክት ደወል ነበር። ያንን ደወል በማስታወቂያ ገጾች ላይ እየተከተልኩ ነው ነጋዴው ጥሬ ጎማ መላክ ብቻ ትቶ ጫማና የመኪና ጎማ ወደ ማምረት እንደገባ የገባኝ።

ከማስታወቂያ ቀጥሎ የኩባንያ ማሳሰቢያዎችን እዩ። ሽርክና ፈረሰ፣ ኩባንያው ወደ አክሲዮን ዞረ፣ አበዳሪዎች ይቅረቡ የሚሉት ጥቃቅን ጽሑፎች ናቸው። አሰልቺ ናቸው፤ ግን ሐሰት ለመናገር አይመቹም።

አናናሱ

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ ልምጣ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ጠቅላላው ነገር ያለው እዚህ ነውና።

ታን ካህ ኪ በ1903 አገር ቤት ቆይቶ ሲመለስ የአባቱን ንግድ ወድቆ ዕዳ ተቆልሎበት አገኘው። የቅኝ ገዥው ሕግ የአባትን ዕዳ ልጅ ላይ አይጭንም ነበር። እሱ ግን እከፍላለሁ አለ፤ ከዓመታት በኋላም ከአበዳሪዎቹ ጋር ተስማምቶ ዘጋው። በ1904 ወደ 7,000 ዶላር ይዞ የአናናስ ማሸጊያ ፋብሪካ ከፈተ። ሲን ሊ ቹዋን ይባላል።

ሲንጋፖር ውስጥ አናናስ የሚያሽጉ ሌሎችም ነበሩ። እሱን ምን ለየው? ሁለት ነገር። አንደኛ፣ አብዛኛው ገዢ የተለመደውን ቅርጽ ያዝዛል። ጥቂቱ ደግሞ ሌላ አቆራረጥ፣ ሌላ መጠን ይፈልጋል። ሌሎቹ ይህን ሥራ ያበዛል ብለው ይሸሹታል። እሱ የአውሮፓውያኑን የንግድ ቤቶች ራሱ እየዞረ ያንን ትእዛዝ ሰበሰበ። ትርፉ የተሻለ ነበር። ሁለተኛ፣ ሌሎቹ ትርፍና ኪሳራ የሚያሰሉት ወቅቱ ሲያልቅ ነው። እሱ በየቀኑ ያሰላ ነበር። አንድ አናናስ ስንት እንደተገዛ፣ ስንቱ እንደተጣለ፣ ስንት ቆርቆሮ እንደሞላ ማታ ያውቃል።

ቀጥሎ መሬት ገዛና ራሱ አናናስ መትከል ጀመረ። ሆክ ሻን የተባለ 500 ኤከር እርሻ ነው። በ1906 ከታን ቻይ ያን 180,000 የጎማ ዘር ገዛ፤ በ1,800 ዶላር። ዘሩን የተከለው ባዶ መሬት ላይ አይደለም። በአናናሶቹ መካከል ነው።

ይህን ካነበባችሁ በኋላ መጽሐፉን ዘግታችሁ ስለ ተክሎቹ አንብቡ። ለባለ እርሻ ታሪክ እኔ ከምንም በላይ የምመክረው ይህን ነው። የጎማ ዛፍ ከተተከለ በኋላ ወተቱ (ጎማ የሚሠራበት ነጭ ፈሳሹ) እስኪቀዳ አምስት፣ ስድስት፣ አንዳንዴ ሰባት ዓመት ይፈጃል። በዚያ ሁሉ ጊዜ መሬቱ ይመነጠራል፣ አረም ይታረማል፣ ሠራተኛ ይከፈላል፤ ገቢ ግን የለም። ትልልቆቹ የእንግሊዝ ኩባንያዎች ለንደን ላይ አክሲዮን ሸጠው ይህን ጊዜ ይሻገራሉ። ካፒታል የሌለው ስደተኛ በምን ይሻገር? አናናስ ከአንድ ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ ያፈራል። አናናሱ ለፋብሪካው ፍሬ ሰጠ፣ ለእርሻው የእለት ወጪ ከፈለ፣ በመካከሉ ጎማው አደገ። ጎማው ሲደርስ አናናሱ ሥራውን ጨርሷል።

ልጄ፣ ገንዘቡ ከዚያ ነው የመጣው።

1910 አካባቢ ሆክ ሻንን በ320,000 ዶላር ሸጠው። ዛፎቹ ገና ለጋ ነበሩ። ግን ያ ዓመት የለንደን የጎማ ዋጋ በአንድ ፓውንድ ክብደት ከ12 ሺሊንግ በላይ የወጣበት ነው። የመኪና ዘመን ገብቶ ዓለም ጎማ ይጠማ ነበር። ያገኘውን ይዞ ሌላ ሰፊ መሬት መትከል ቀጠለ። በ1925 የያዘው የጎማ እርሻ 15,000 ኤከር ደርሶ ነበር፤ 6,000 ሄክታር ይሆናል።

ዶላሩ የየትኛው አገር ነው?

እዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዶላር ሲባል የአሜሪካ አይደለም። የስትሬትስ ዶላር ነው፤ ሲንጋፖርን፣ ፔናንግንና ማላካን የያዘው የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ገንዘብ። በ1906 ዋጋው በ2 ሺሊንግ ከ4 ፔኒ ላይ ተወሰነ። ሺሊንግ 12 ፔኒ፣ ፓውንድ ስተርሊንግ 240 ፔኒ ነው። እንግዲህ 1,800 ዶላር ልክ 210 ፓውንድ ይሆናል። 320,000 ዶላር ደግሞ 37,300 ፓውንድ ገደማ ነው።

ወደ ዛሬ ገንዘብ ለመቀየር አትድከሙ፤ የሚወጣው ቁጥር ስሜት አይሰጥም። በዚያው ሰው ሕይወት ውስጥ አወዳድሩ። የዘሩ ዋጋ ፋብሪካውን ከከፈተበት ገንዘብ ሩብ ያህል ነው። እንዲህ ሲባል ድፍረቱ ይታያል።

ከዚያ አንድ ወረቀት አግድም አስቀምጡና ሁለት መስመር አስምሩ። ላይኛው የሰውየው ሕይወት፣ ታችኛው የምርቱ ዋጋ። የእኔ ወረቀት እስካሁን አለኝ። ላይ፦ 1919 ለሺያመን ዩኒቨርሲቲ 4 ሚሊዮን ዶላር ቃል ገባ፤ 1921 ዩኒቨርሲቲው ተከፈተ። ታች፦ 1922 እንግሊዞች የጎማ ምርት በሕግ ገደቡ፤ 1925 ዋጋው ከ4 ሺሊንግ አለፈ፤ 1928 ገደቡ ተነሳ፤ 1932 ከ3 ፔኒ በታች ወረደ። አሥራ ስድስት እጥፍ ወደቀ ማለት ነው። ላይ እንደገና፦ 1931 ኩባንያው በአበዳሪ ባንኮች ግፊት ወደ አክሲዮን ዞረ፤ 1934 ተዘጋ።

ሁለቱን መስመር ጎን ለጎን ሳይ አንድ ነገር ልቤን ነካው። ቃል የገባው ዋጋ ጥሩ በነበረበት ጊዜ ነው። መክፈሉን የቀጠለው ግን ዋጋው ገደል ሲገባ ነው። ባንኮቹ የትምህርት ቤቶቹን ወጪ አቁም ሲሉት እምቢ አለ። ዩኒቨርሲቲውን በ1937 ለቻይና መንግሥት እስኪያስረክብ ድረስ ከቀረው ላይ፣ ከዘመድና ከወዳጅም እየለመነ አቆየው። "ደግ ሰው ነበር" ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ከጎማ ዋጋ ጋር አስተያይታችሁ ስትጽፉት ደግነቱ ስንት እንዳስከፈለው ይታያል።

መርከቦቹን አልፋቸዋለሁ፤ ባጭሩ ግን፦ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መርከብ ጠፍቶ ሸቀጥ መጋዘን ሲሞላ እሱ ራሱ መርከብ ተከራየ፣ ከዚያም ሁለት ገዛ። ለፈረንሳይ መንግሥት አከራያቸው። ሁለቱም በ1918 ሜዲትራኒያን ላይ ሰመጡ። መድኑ ተከፈለው። ያ ገንዘብ የት እንደገባ መከታተል የራሱን ሰፊ ሥራ ይጠይቃል።

መሪነቱን ከመዋጮ ዝርዝር ላይ አንብቡ

ሲንጋፖር ያሉ ቻይናውያን አንድ ወጥ ሕዝብ አልነበሩም። ሆክየን፣ ቴዎቹ፣ ካንቶኒዝ፣ ሀካ፣ ሀይናን እየተባሉ በቋንቋ ተከፋፍለው በየራሳቸው ማኅበር ይኖሩ ነበር። ስለዚህ "የማኅበረሰብ መሪ" የሚል ቃል ስታገኙ "የየትኛው?" ብላችሁ ጠይቁ። ታን ካህ ኪ በ1923 የቻይናውያን ነጋዴዎች መሰብሰቢያ የሆነው የኢ ሆ ሄን ክለብ ሊቀ መንበር ሆነ። በ1929 የሆክየኖቹን ማኅበር መምራት ጀመረ። ከቡድን አልፎ የሁሉም የሆነው ግን በመዋጮ ነው። በ1928 በቻይናዋ ሻንዶንግ ክፍለ ሀገር በጃፓን ጦር ለተጎዱ ሰዎች ገንዘብ ሲሰበሰብ መራ። በጥቅምት 1938 ደግሞ ጃፓን የወረረቻትን ቻይና የሚረዱ የመላው ደቡብ ምሥራቅ እስያ ቻይናውያን ማኅበራት ሲንጋፖር ላይ ተሰብስበው መሪያቸው አደረጉት። ልብ በሉ፣ ኩባንያው ከተዘጋ አራት ዓመት ሆኖታል። ሀብቱ ሄዶ መታመኑ ቀርቷል።

ጋዜጦቹ የመዋጮ ዝርዝር ያወጡ ነበር። ከላይ ያለውን ትልቅ ስም እለፉትና ወደ ታች ውረዱ። ሪክሾ ጎታቾች አሉ፣ የመንገድ ዳር ቸርቻሪዎች አሉ። መሪ የሚታወቀው እነዚህ ሰዎች ሳንቲማቸውን ለማን እንደሚሰጡ ሲታይ ነው። በ1939 ሾፌርና መካኒክ ፈልጎ ጥሪ ሲያደርግ ከ3,000 በላይ ሰዎች ተመዝግበው ሄዱ። ጃፓን የቻይናን ወደቦች ዘግታ ስለነበር ጭነት የሚገባው በበርማ መንገድ፣ ከበርማዋ ላሺዮ እስከ ቻይናዋ ኩንሚንግ ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ በገደል ላይ ነው። ብዙዎቹ አልተመለሱም።

ትዝታውን በሁለት ቀለም አስምሩ

ታን ካህ ኪ የራሱን ትዝታ ጽፏል። የጻፈው ግን በ1942 ሲንጋፖር በጃፓን እጅ ስትወድቅ ሸሽቶ ጃቫ ተደብቆ ሳለ ነው። ሰነድ አጠገቡ የለም፣ ቢያዝ ይገደላል። እኔ ሳነብ ሁለት እስክሪብቶ እይዛለሁ። ራሱ ብቻ የሚያውቀውን፣ ለምሳሌ የአናናሱን ሂሳብ፣ በሰማያዊ አሰምራለሁ። ከሌላ ምንጭ ላረጋግጥ የሚገባኝን ቀንና ቁጥር በቀይ። ከዚያ ቀዩን ይዤ ወደ ጋዜጣው እመለሳለሁ። ሰውየውን አለማመኔ አይደለም። ከትዝታው በቀር ምንም ሳይኖረው ለጻፈ ሰው የሚገባው ክብር ይህ ይመስለኛል።

ቀጂዎቹን አትርሱ

ዛፉን የቆረጡት የእሱ እጆች አይደሉም። የጎማ ወተት በቅዝቃዜ ስለሚፈስ ቀጂ ገና ሳይነጋ መብራት ይዞ ይወጣል። ልጡን በስሱ ይልጣል፣ ሥሩ ጽዋ ያስቀምጣል፣ ረፋድ ላይ ዞሮ ይሰበስባል። ወተቱ በአሲድ ይረጋል፣ በማሽን ተዳምጦ አንሶላ ይሆናል፣ በጭስ ይደርቃል። ብዙዎቹ ሠራተኞች የመርከብ ዋጋቸውን በዕዳ ይዘው የመጡ ነበሩ። ቻይናውያንን የሚያስረው የግዳጅ የሥራ ውል በማላያ የተሻረው በ1914 ነው።

ስማቸውን ለማግኘት ሞክሬ ብዙ ጊዜ አልተሳካልኝም። በ1877 ሲንጋፖር ላይ የተቋቋመው የቻይናውያን ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሪፖርቶች አሉ፤ ቁጥራቸውን ታገኛላችሁ። ጋዜጣው ላይ ደግሞ የፍርድ ቤትና የአደጋ ዜናዎች ውስጥ አልፎ አልፎ ስም ብቅ ይላል። ያንን ስም ጻፉት። ስለ ባለ እርሻ ጽፋችሁ አንድም ቀጂ ከሌለበት ገና አልጨረሳችሁም።

በእግር ስትሄዱ

መዝገቡ ሲሰለቻችሁ ውጡ። እዚያ ታን ካህ ኪ ጣቢያ ላይ ስትወጡ ፊት ለፊታችሁ ያለው በ1919 እሱ መሪ ሆኖ የተመሠረተው ትምህርት ቤት ነው፤ ዛሬ ሁዋ ቾንግ ይባላል። ቡኪት ፓሶ መንገድ ላይ የክለቡ ሕንፃ አለ፣ ውስጡም የእሱ መታሰቢያ። እኔ ግን አብልጬ የምወደው ቀጣዩን ጣቢያ ነው። የዕፅዋት መናፈሻው ነው። በ1877 ከለንደኑ የኪው መናፈሻ 22 የብራዚል የጎማ ችግኞች የደረሱት ሲንጋፖር ነው። በኋላ እዚሁ መናፈሻ ውስጥ ሄንሪ ሪድሊ ዛፉን ሳይገድሉ ወተቱን የመቅዳት ዘዴ አዳበረ፤ ባለ እርሻዎቹንም ጎማ ትከሉ እያለ ወተወተ። አንድ ጣቢያ ብቻ ነው የሚለያቸው። የዛፉ ታሪክና የሰውየው ታሪክ በሁለት ደቂቃ ባቡር ይገናኛሉ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ልጆቹን እዚያ መናፈሻ ወሰድኳቸው። ልጁ 14 ሞልቶት ድምፁ ተለውጧል። ጥያቄውን አልረሳም። ሣር ላይ ተቀመጥንና ቦርሳዬ ውስጥ ካለው ዕቃ ሁለት ነገር አወጣሁ፤ አንድ ጣሳ የታሸገ አናናስና ሁለት መስመር የተሰመረበት ወረቀቴ። "በ1904፣" አልኩት፣ "አንድ የ30 ዓመት ሰው የአባቱ ዕዳ ነበረበት።"